ግራ አግዳሚ

ልቮቭ፣ ፖላንድ፣ በአውሮጳውያን 1937፤ ጓንት ሰፊው እንዳወራው

ከመቀሴ አጠገብ፣ ከጠቦት ቆዳ ላይ፣
መታወቂያዋን ጣለች፣ አንብቤው እንዳይ።
ከፎቶዋ በታች አዲስ ማኅተም አለ፣
«ጎዶሎ አግዳሚ ላይ ትቀመጥ» ያለ።
ጎዶሎ ቁጥሩ፣ በግራ በኩል ያለው፣
ለአይሁድ ተማሪ ለብቻ የተለየው።

ዕፅዋት ነበር ፔስያ የምትማረው፤
ቅጠሏን በማኅበሬ ጋዜጣ የምታደርቀው።
«አድማ» ከሚለው ቃል ባሉጥ ተጣብቆ
አንብቤው አላውቅም ዜናው ተጠናቅቆ።

አልተቀመጠችም። ግራም ቀኝም ትታ፣
ደብተሯን ግድግዳው ላይ ዘርግታ፣
ቆማ ጻፈች፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣
አንድ ቃል ሳታጎድል።

እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ተቀምጦ ሰፊ፣
ያን ምሽት ራቴን ቆሜ በላሁ።

እኔም ግራ ነበርኩ። የኔ ግራ ሌላ ነው፣
የጓንት ሰፊዎች ቀይ ባንዲራ ያለው።
«እዚሁ ነን፣ ልጄ፤ እዚሁ ታግለን፣
በቋንቋችን አልቅሰን፣ በቋንቋችን ስቀን»
እያልኩ ነው ያሳደግኳት።
አሁን ግራዬን ግራ ገባው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ማምሸት ጀመረች፣
ከወተት ሻጩ ፎቅ፣ ጣሪያ ሥር ካለች
ጠባብ ክፍል። ሃያ ልጅ፣ አንድ ካርታ፣ ምድጃው በረዶ፤
ክርክር ነበረ የነሱ ማገዶ።
መጀመሪያ ልትሰማ፣ ቀጥሎ ልትጽፍ፣
በሦስተኛው ወር ወንበር ላይ ወጥታ ተናገረች።
ደረጃው ላይ ተደብቄ ሰማኋት።
ያን ያህል ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ቤቴ ወረቀት ለበሰ።
ጨው ዕቃው ላይ «ሜላሕ»፣
በሩ ላይ «ዴሌት»፤
ቤትስ ምን ይባላል ብላት፣ «ባይት»።
ካፖርቴ ጀርባ ላይም ለጥፋ ኖሯል፤
ሳላውቅ ገበያ ወጣሁ። ሰው ሲስቅብኝ
አውልቄ አነበብኩት፦ «አባ»።
ሃያ ዓመት «ታቴ» ነበርኩ።

ሰማያዊ ቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ አኖረች፤
ለመሬት መግዣ ነው። አንዲት ሳንቲም አልጥልም አልኩ፣
አልጣልኩም።
ድምፁን ትስማ ብዬ ግን
የጓንት ቁልፍ ጣልኩበት።

«እዚያስ» አልኳት አንድ ማታ፣ «በዚያ አገር
በሩን የሚከፍት፣ ጨው የሚቀምስ ሰው የለም?»
«አለ» አለች። ዝም አለች።
ዓይኔ ደክሟልና ክሩን አስገባችልኝ፤
ሁለቴ ሳተችው።
«እዚህ ግን» አለች፣ «መቀመጫ የለኝም።»
መልስ ፈለግሁ። በእጄ ያለው መርፌ ብቻ።

በሚያዝያ ሄደች፣ እርሻ ሰፈር ገብታ
ድንች መትከል ልትማር፣ የመግቢያ ፈቃዷ
ተራው እስኪደርስ።
ስድስት ጥንድ ጓንት ሰጠኋት፣
የወንድ፣ ወፍራም፣ ስፌቱ ድርብ።

የጨው ዕቃው ወረቀት በእርጥበት ተላጠ።
የበሩ አለ።
መቃን ነክቶ እጅ መሳም
ገና በጎረምሳነቴ የተውኩት ነገር ነው፤
ዛሬ ጠዋት ስወጣ
ጣቴን ከወረቀቱ ላይ አገኘሁት።