መሸኛ

ከባሕሩ ዳር ሜዳ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
አቧራው ጨው ጨው ሲል፣ ሐምሌ አጋማሽ ሲገባ፣
ዘጠነኛው ዙር ላይ፣ ሁለት ለሁለት ቆሞ፣
ማሳፉሚ መጣ፣ የራስ ቁሩን ገጥሞ።

ኬይጎ አንደኛው ቤዝ ላይ፣ ለመሮጥ ያቆበቁባል።
ቀበቶውን ነካ ነካ፣ አሰልጣኙ ሺኖሃራ፤
ምልክቱ ግልጽ ነው፦ «አትምታ፤ ለሱ ሥራ።»

ዱላውን አጋደመ፣ እንደ በር መወርወሪያ፣
ሁለት ጣቱን ከኋላ፣ አድርጎ መደገፊያ፤
ኳሷ በርራ መጣች፤ ከንዴቷ አወጣት፣
ደረቅ አፈር ላይ አርጎ፣ ቀስ ብሎ አስቀመጣት።

ቀላቢው ዘሎ መጥቶ፣ ኳሷን ካፈር እስኪያፍስ፣
ኬይጎ በደረቱ ሄዶ፣ ከሁለተኛው ሲደርስ፣
ማሳፉሚ ሮጠ፣ እንደማያመልጥ እያወቀ፤
ከአንደኛው ሳይደርስ፣ ኳሷ ቀደመችው፤ አለቀ።
አግዳሚው ላይ ያሉት፣ ብድግ ብለው አቀፉት፣
ከሱሪው ከጉልበቱ፣ አቧራውን አራገፉት።

ሌላው ዓለም ይህን ምት፣ «መስዋዕት» ይለዋል፤
ቢላ የለው፣ ደም የለው፣ ቃሉ ይከብደዋል።
የዚህ ወደብ ሰዎች ግን፣ «መሸኛ» ይሉታል በቀላሉ፣
እንግዳን እስከ ደጅ ወጥቶ፣ «በል እንግዲህ» እንደማለት ሁሉ።
ሸኚ አብሮ አይሄድም፤ ከወንዙ ይመለሳል፤
እግሩ ከቤቱ ሳይርቅ፣ ሌላውን ሰው ያደርሳል።

ከዚያስ? ከዚያማ ቀጣዩ፣ ሦስቴ ንፋስ መታ፤
ሌላው ሽቅብ ሰደዳት፣ ጓንት ዋጣት በአንድ አፍታ።
ኬይጎ ሁለተኛው ላይ፣ እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ፣
የተሸኘ ሰው ቀረ፣ አውቶቡስ ያመለጠው ሆኖ።

በአሥረኛው ዙር ተሸነፉ።

ቺዙኮ መዝገብ ያዧ፣ እርሳሷን አልጣለችም፤
«ሯጩ ቤት አልገባም» ብላ፣ ምልክቱን አልሰረዘችም።
ሕጉ እንዲህ ነውና፦ ሰው አንድ ቤዝ ከገፋ፣
ሽኝቱ ሽኝት ነው፣ ተስፋው ኋላ ቢጠፋ።
ደግሞም ሌላ ሕግ አለ፣ ግርም ይላል ሲነገር፦
የሸኘ ሰው ተራ፣ ከሙከራ አይቆጠር።
እኔ ግጥም የምጽፍ፣ ቤት ለመምታት የምደክም፣
ቤት ሳይመታ የሚሸኝ፣ አንድ ስንኝ የለኝም።

ማታ እናቱ ጠየቀች፣ የተቀደደ መረብ ይዛ፦
«ስንት መታህ?» «ምንም።» «ስንት ሳትክ?» «ምንም» አላት በዋዛ።
«ታዲያ ሦስቴ ዱላ ይዘህ፣ ሰው ፊት የቆምከው፣
ፀሐይ ልትሞቅ ኖሯል ወይ፣ ከቤት የወጣኸው?»
«ሰው ልሸኝ» አለ ልጁ። እናት መርፌዋን አቆመች፤
አልሳቀችም፤ ነገሩን፣ ከቃሉ በፊት አወቀች።

እሷስ ጎህ ሳይቀድ ወርዳ፣ የጀልባውን ገመድ ፈትታ፣
የባሏ ሞተር እስኪርቅ፣ ቆማ ከጨለማው ቦታ፣
እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ትመለሳለች።
ቺዙኮ ከነመዝገቧ፣ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ናት።