ስድስተኛው ጥያቄ

ሰባት ሰዓት ተኩል፤ ሳቢያን፣ የስልጠናው አዳራሽ፤
ማራገቢያው ያቃስታል፣ ሙቀት ወሳጅ፣ ሙቀት መላሽ።
ሃያ ሦስት ነርስና ጤና መኮንን፣ ሁለት ሐኪም፤
ደብተሩ ተዘርግቷል፣ ልብ ግን በቦታው የለም።
ከውጭ ጥሩምባ ነፋ የአወዳዩ ጫት ጫኝ መኪና፤
ወንበሩ ሁሉ ተንቋቋ፣
ሰዓቱን ያየ ሁሉ አየ እንደገና።

ዶክተር ፈርዶሳ ዝም አለች፤ ማርከሩን ገጥማ ከደነች።
«ይሄ አሁን የነዘራችሁ ስም አለው፣ ሐራራ» አለች።
«እኔ በአስር ስላይድ ላስረዳ የለፋሁበትን
ሹፌሩ በአንድ ጥሩምባ አስተማረን።»
ሳቅን።
ከሳቁ በኋላ ግን አንገት የደፋም ነበረን።

እኛ እኮ የመጣነው «ምን ሊነግሩን?» ብለን ነው፤
የደቻቱን አሸዋ ፈጭተን ያደግን ሰዎች፣ የማናውቀው ምን አለው?
በርጫው የአጎት ቤት ወግ፣ ምርቃናው የጎረቤት ቀልድ፣
ዱካኩ የልጅ ማስፈራሪያ፣ ጨብሲው የምሽት ልማድ።
ገራባ ከመንገድ ለቅሞ የሚያኝከውን ሰው አይተን
ከንፈር መጠን እናልፋለን፣ ነጭ ጋወናችንን ሰብስበን።
ከእነዚህ ቃላት አንዱን እንኳ
ካርድ ላይ ጽፈን አናውቅም፤
በሽታ ነው ያለንም የለም።

በሦስተኛው ቀን ጥንድ ጥንድ ሆንን፤ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ታካሚ።
ለእኔ የመልካ ጀብዱው ረምዚ ደረሰኝ፤ ቀልዱ የማይነጥፍ፣ ለሳቅ ቀዳሚ።
እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ፤ ቅጹን ይዤ ጠየቅኩት፦
ምን ትጠቀማለህ? በየስንት ቀኑ?
እየሳቀ መለሰልኝ፣ እየሳቅኩ ጻፍኩት።
ስድስተኛ፦
«የሚወድህ ሰው ስለዚህ ነገር
ተጨንቆ ነግሮህ ያውቃል?»

ረምዚ እግሩን አወረደ።
«ልጄ» አለ። «ሰባት ዓመቷ ነው።
‹አባ፣ ሌሊት ሌሊት ከማን ጋር ነው የምትጣላው?› አለችኝ።
አሁን ከአያቷ ጋር ነው የምትተኛው።»

ለዚህ መልስ ቅጹ ላይ የሚከበብ ቁጥር የለም።
ልናገር ስል ፈርዶሳ ከኋላ ትከሻዬን ነካች፤
«ቆዪ፣ ጠብቂው» አለች።
ጠበቅኩት። ማራገቢያው ስንት ጊዜ እንደ ዞረ አላውቅም።

ዝም ባልንበት መሃል ሮብሌ ፊቴ ድቅን አለ፤
ባጃጅ ነጂው፣ ባለፈው ግንቦት ገንደ ቆሬ፣ ክፍሌ መጥቶ የነበረ።
«ሲስተር፣ ትራማዶሉን ለወገቤ ብዬ ነበር፤ አሁን መውጫው ጠፋኝ።
እጄን እዪው» ብሎ ዘረጋልኝ።
እኔስ?
«ስትገባ አማክረኸኛል?» አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤
ወረፋው ሳቀ። ደስ አለኝ፣ ሰው ማሳቄ።
ካርዱን ጥሎ ወጣ። አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤
ዕድሜ፣ ክብደት፣ ከዚያ በታች ባዶ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።
ሮብሌ መች ደበቀ?
ዘርግቶ አሳየኝ እኮ፤
እኔ ነኝ ያስደበቅኩት።

ዓርብ ዕለት አበል ፈረምን፣ ሰርተፍኬት ይዘን ፎቶ ተነሳን፤
ረምዚ ከኋላ ረድፍ ቆመ። ያን ቀን የሚያስቀን አጣን።
ሰኞ ማለዳ ባጃጅ ተራ ሄጄ ሮብሌን ጠየቅኩ፤
አንዱ «ጅግጅጋ ነው» አለኝ፣
አንዱ «እሱን ተዪው» ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ተመለስኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ከባቡር ጣቢያው በኩል አንድ ልጅ መጣ፤
እግሩን ጠርሙስ የቆረጠው፣ ማስቲሹን በእጅጌው የሸሸገ፣
ዓይኑን በሩ ላይ የተከለ፣ ቀድሞ ሊወጣ።
ወረፋው አፍንጫውን ያዘ።
ቁስሉን አጠብኩ፤ ሦስት ቦታ ሰፋሁት።
በሩን ዘጋሁ፤ ወንበሬን ወደ እሱ አዞርኩት።
ክፍሉ ማስቲሽ ማስቲሽ ሸተተ።
መስኮቱን አልከፈትኩም።