አገሩን የማይጠይቅ

ቤር ሼቫ አሮጌ ገበያ፣ ከቁልፍ ቀራጩ ጎን፣
ሁለት ሰው የሚሞላት ሱቅ አለችኝ፣ የምታህል መዳፌን።
የሰው ልጅ ፊልሙን ዛሬ ከአየር ላይ ነው የሚቀዳው፤
“ዲስክ ደግሞ ማን ይገዛል?” ይለኛል የሚያልፈው።
አልመልስም። ዓርብ ቀትር ላይ፣ ገበያው ለሰንበት ሲጣደፍ፣
ቲማቲም ሻጩ “በግማሽ ዋጋ!” እያለ ሲለፍፍ፣
የእኔ ሰዎች ይመጣሉ ብሉ ሬያቸውን አቅፈው፣
የታመመ በግ ሐኪም ዘንድ እንደሚወስድ ሰው።

አዲስ ትውልድ ማጫወቻ ሊወጣ ነው ሲሉ ሰማሁት፤
“ምን ቢኖረው?” አልኩ እንደ ዋዛ፤ ለካ ቁስል ነው የነካሁት።

ይርዳው፣ የቁጥር አምስት አውቶቡስ ነጂ፣ ቀደመ፦
“እኔ የምሻው ጥቁር ነው፤ ሌሊቱ ሌሊት ይሁን፣
አመድ የነፉበት አይምሰል፣ አይንሳኝ ጨለማውን።
ሌሊት በእግሩ የተጓዘ ሰው ጨለማ ሲያታልሉት ያውቃል፤
እውነተኛው ጨለማ ውስጥ እኮ ትንሽ ሰማያዊ ይታያል።”

ግሪሻ ሳቀ፤ ከአራተኛ ፎቅ፣ ከኦዴሳ የመጣ፣
ጆሮው እንደ ድመት ጆሮ፣ በኮሽታ እንቅልፍ ያጣ፦
“ተዋናይቱ ዝም ስትል የእኔ ሣጥን ያጉረመርማል፤
ለዝምታ የከፈልኩት ገንዘብ በማራገቢያ ይነፍሳል!”

ትርንጎ መነጽሯን አወለቀች፤ ሠላሳ ዓመት ወለል ያጸዳች፣
የሆስፒታሉን ኮሪደር ሁሉ በቃሏ ያጠናች፦
“የልጅ ልጄ ተርጉሞልኝ ነበር፣ መስመር በመስመር፣ በአማርኛ፤
ሀ ሲባል ባዶ አራት ማዕዘን! ለ ሲባል ሌላ ሁለተኛ!
ፊልሙ ሁሉ መስኮት ብቻ፣ ሰው የማይኖርበት ፎቅ፤
ፊደሌን ይወቅልኝ፣ ያግዝፈውም፣ ዓይኔ ፈጽሞ ሳያልቅ።
ደግሞ ነጭ ጽሑፍ በበረዶ ላይ! ማን ነው ይህን የመከረ?”
ግሪሻ በበረዶው ነገር ራሱን ነቅንቆ መሰከረ።

ናዖር፣ ተማሪው፣ ፀጉሩን በላስቲክ ያሰረ፣
“ያቆምኩበትን ያስታውስ” አለ፤ ድምፁ የተቆጣ ነበረ።
“ሳይረኑ ሲጮህ ወደ መጠለያው እንሮጣለን፣ መብራት ይጠፋል፤
ስንመለስ ሣጥኑ ማን እንደሆንን ጭራሽ ዘንግቷል፤
እንደገና ዓርማ፣ ማስጠንቀቂያ፣ የማይዘለል ማስታወቂያ፤
ሁሌ ከመጀመሪያ፣ ሁሌ ከመጀመሪያ፣ ከመጀመሪያ።”
ማንም አልሳቀ። ትርንጎ ብቻ፣
“እኔስ ለምጄዋለሁ” አለች።

እኔ? እኔ የምጠላው ክልል የሚሉትን ነው።
ኦሳካ የምትሠራው ልጄ በልደቴ የላከችው
ዲስክ ነበረኝ። አስገባሁት። ሣጥኑ አገላብጦ አይቶ
“በዚህ ክልል አይፈቀድም” አለኝ፣ ምላሱን ወደ ደጅ አውጥቶ።
ሱዳን ድንበር ላይ በልጅነቴ ይህን ቃል ሰምቼዋለሁ፤
ያኛው ዱላ ነበረው፤ ይሄ ትሁት ነው፣ አመሰግናለሁ።
የሚመጣው ግን አይጠይቅ፣ “የት ተወለድክ?” አይበለው፤
ብርሃኑን ያብራበትና ያለውን ብቻ ያንብበው።

በደረሰኝ ጀርባ ጻፍኩት። ለማን እንደሚላክ ማን ያውቃል?
ከመበየጃው ብረት ሥር ነው፤ ጥጉ ትንሽ ተቃጥሏል።

የግሪሻን ሣጥን ፈታሁ፤ ግማሽ ኔጌቭ ወጣ ከውስጡ፤
በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት። ሰዎቹም ሳይቀመጡ
ጠበቁ። አንድ ዲስክ አጎረስኩት። ማራገቢያው ዞረ፤
ግሪሻ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀረ።
ይርዳው የሱቁን መዝጊያ ግማሽ አወረደ፣ አምፖሉንም አጠፋው፤
በስክሪኑ ሌሊት ነበር፤ ጫካ፣ ፋኖስ የሌለው ሰው።

“እህስ፣ ጥቁሩ?” አልኩት።
ዝም አለ። ውጭ ቲማቲም ሻጩ ዋጋውን ሩብ አደረሰው።
“ገና ነው” አለ። “ገና ግራጫ ነው። ግን አታጥፋው።”