የሌለ ፍሬን

በሚያዝያ ነው፤ ሐኪሙ ዓይኑን በባትሪ አይቶ፣
አባቴ መንጃ ፈቃዱን እንደ ጣት ቀለበት አውጥቶ፣
ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ቃል ሳይወጣው ተመለሰ።
አርባ ዓመት ሰርዲን የጫነበት መንገድ ግን አልፈረሰ፤
ከማልፒካ እስከ ሙሺያ ከባሕሩ ጋር ሲጣላ ሲታረቅ፣
እዚያው አለ እንደ ተጠማዘዘ፣ አንዴ ሲቀርብ አንዴ ሲርቅ።

እሁድ ነው። መሪው እኔ ጋ፤ አባቴ ከጎኔ አለ።
እግሩ ሥር ምንጣፍ እንጂ ፔዳል የሚባል የለ፤
ግን በየኩርባው ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፣
የሌለ ፍሬን ይይዛል፣ ያልሆነ ማርሽ ይለውጣል።
«አባዬ፣ የምነዳው እኮ እኔ ነኝ» ብለው፣
«ማን ከለከለሽ?» ይላል፣ ጭራሽ ምንም ሳይመስለው።

ከኋላ ኡሺያ እህቴ ለልጇ ሎሚ ትልጣለች፤
ኩርባ ያጥወለውለዋል፤ «አሽትት፣ አሽትት» ትላለች።
በፌስታል ውስጥ አምስት ኮክ፣ እንቁላል በድንች ጥብስ፣
ሁለት ፎጣ፣ አንድ ጃንጥላ፣ የተነፈሰች ኳስ።
መንገድ ዳር ያሉ ሽማግሎች «ኤቫሪስቶ!» ብለው ይጣራሉ፤
የምነዳው እኔ ሆኜ፣ ሰላምታውን ለእሱ ይሰጣሉ።

«ብራይስ!» አለ አባቴ፣ አንገቱን ሳያዞር፣
«እስቲ እስከ ሰባት ቁጠር፤ አመጣልሃለሁ ባሕር።»
ልጁ ቆጠረ። አምስት ላይ ጥሻ፣
ስድስት ላይ የድንጋይ ካብ፣
ሰባት ላይ ምድር ተቀደደ፤
ባሕሩ ሳያንኳኳ በመስኮት ገባ።
ብራይስ ሎሚውን ጣለ። «አያቴ! እንደገና!»

ኮርሜ ላይ ሠራለት፤ ላሼም ላይ ሠራለት።
(ለአባቴ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ሁሉ ወተት።)
መንገዱን በወገቡ ያውቀዋል፣ በጎድን አጥንቱ፣
የቱ ጋ አስፋልት እንደሚስል፣ የት እንደሚከፈት ደረቱ።

ከዚያ ወዲያ ግን ዘንድሮ አዲስ መንገድ አውጥተዋል፤
ኮረብታውን በግራ ትተው ቀጥ አድርገው አስምረዋል።
«በል ቁጠር» አለ አባቴ። ልጁ ቆጠረ፤ ሰባት ሞላ፤
ባሕር ዛፍ ነበር በቀኝ፤ ባሕር ዛፍ ከዛፉ ኋላ።
ስምንት። ዘጠኝ።
እህቴ በመስታወት አየችኝ።
«መጣ!» ብሎ ጮኸ ብራይስ። «ሰማያዊ ነው! ይታየኛል!»
አባቴ ዝም አለ። ቆይቶ፣ «አዎ፤ እኔንም ይሸተኛል።»
ሁለት ውሸት ተሳፍሮ መኪናው ትንሽ ከበደ፤
ማርሽ ቀነስኩለት፤ ዳገቱን እያለከለከ ሄደ።

ሙሺያ ድንጋይ ላይ በላን። ነፋስ ጃንጥላ ገለበጠ፤
አባቴ ኮክ ገመጠ፣ ፍሬውን ኪሱ ሸጎጠ።
ወደ ባሕሩ አላየም፤ ጆሮውን ብቻ አዞረለት፣
ከአጥር ማዶ ወሬ እንደሚያቀብለው ጎረቤት፣
አልፎ አልፎ ራሱን ነቀነቀለት።

ስንመለስ አሮጌውን መንገድ ያዝኩ፣
ባሕሩ በሰባት እንዲመጣ ብዬ።
ጭጋግ መጣ።
መብራቴ ጭጋጉን ነክቶ ፊታችን ላይ ተመለሰ፤
የመንገዱ ነጭ መስመር እንደ ስኳር ሟሙቶ ፈሰሰ።
ኡሺያ ወሬ አቆመች። ልጁ ተኝቷል። አባቴም አንገቱን ደፍቶ
ያንቀላፋ መሰለኝ፤ እግሩ ግን አልተኛም ከቶ።

ወለሉን ሲረግጥ ረገጥኩ።
ሲለቅ ለቀቅኩ።
ትከሻው ወደ ግራ ሲያዘነብል መሪዬን ወደ ግራ አዞርኩ፣
ያላየሁትን ኩርባ በእሱ ጫማ ተሻገርኩ።
ስንት ኩርባ እንደነበረ እንጃ፤ ሰባት አይመስለኝም።
ያን ጫማ ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም፤
ቡናማ፣ ጫፉ የተላጠ፣
ክሩ ሁለት ጊዜ የተቋጠረ።

የማልፒካ ወደብ መብራት በጭጋጉ ሲቀላ፣ ቤታችን ስንደርስ፣
በሩን ከመክፈቱ በፊት፣ «ደህና ነድተሻል» አለ፤
«ፍሬን ላይ ግን ትዘገያለሽ፤ እንደ እናትሽ።»
ከኪሱ የኮኩን ፍሬ አወጣ፣
የሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ጣለና ወረደ።

እስካሁን እዚያው ነው።
ኩርባ በመጣ ቁጥር
ቋ ይላል።