መሳቢያ ውስጥ የተኛ ጆሮ

ትኬት ቆራጭ ነኝ በስካርቨይ ጀልባ፣
በጠዋት የምወጣ፣ በማታ የምገባ።
የሰው ፊት አውቃለሁ፣ የሰውም ጓዝ አውቃለሁ፤
ማን ምን ይዞ ሄዶ ምን ይዞ እንደ መጣ ዝም ብዬ እቆጥራለሁ።

ያችን ትንሽ ሣጥን ያሻገርኳት እኔ ነኝ፤
የኦድቫር መስሚያ ናት፣ በጥጥ ተጠቅልላ።
ዓሣ አጥማጅ ነበረ፤ አርባ ዓመት ሙሉ
ከሞተር ጋር ኖሮ፣ ሞተር ጆሮውን በላ።

የሠራት ሼቲል ነው፣ በርገን ያለ ወጣት፤
ሦስት ክረምት ሙሉ ጠርዟን አለሳልሶ፣
ክብደቷን ቀንሶ፣
የባትሪ በሯን ከፀጉር አቅጥኖ፣
ስፌቷ እንዳይታይ።
እውነት ለመናገር ውብ ነበረች፤
ባቄላ አክላ፣ የዛጎል ሆድ መስላ።
ሽልማት አገኘች አሉ።
እኛ ዘንድ ግን ያገኘችው መሳቢያ ነው።

በመከር ሌላ ሰው መጣች፣ ሲኖቨ የምትባል፣
ረጅም፣ ቢጫ ካፖርት የለበሰች።
ዕቃ የላትም። ደብተር ብቻ።
«ሥራሽ ምንድን ነው?» አልኳት ትኬቷን ስቆርጥ።
«መንገድ እሠራለሁ።»
ሳቅሁ፤ የደሴታችን መንገድ
ሁለት ኪሎሜትር አይሞላም።

ኋላ ኦድቫር እንዳወጋኝ፣
ማድ ቤቱ ገብታ በወረቀት ጻፈችለት፦ «ጆሮህ የት አለ?»
መሳቢያውን ሳበ።
የሟች ሚስቱ መነጽር፣ የዛገ መንጠቆ፣
ያልተከፈቱ ሦስት የክሊኒክ ደብዳቤዎች፣
እና ያቺ ውብ።
ውቧን ትታ ስለ ቀኑ ጠየቀችው።
ባትሪ ሲያልቅ ከማን ትወስዳለህ?
ክሊኒኩ በስንት ሰዓት ይጠራሃል?
ደብዳቤው የሚለው ከጠዋቱ ሦስት፤
የኔ ጀልባ የምትደርሰው ሦስት ከአርባ።
አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው ጆሮ
አርባ ደቂቃ ውስጥ ወድቆ ቀርቶ ነበር።
ደግሞ አውራ ጣቱን አሳያት፤ ጫፉን ገመድ ወስዶታል።
ከፀጉር የቀጠነን በር በምኑ ይክፈተው?

በወሩ ሁለቱም መጡ።
ሼቲልን ባሕሩ አስመለሰው፤ ባልዲ ይዤለት ቆምኩ።
ባልዲው ላይ አጎንብሶም ይከራከራል፦
«ዕቃዬ ምን ጎደለው?»
«ምንም። ዕቃህ ሙሉ ነው፤ የጎደለው ዙሪያው ነው።
አንተ በእጅ የሚያዘውን ትሠራለህ፣
እኔ ከእጅ እስከ እጅ ያለውን።»
«የማይያዝ ነገር ይሠራል እንዴ?»
«ሲበላሽ አይተኸዋል» አለችው።
ዝም አለ። ወይም እንደገና አስመለሰው፣ አላስታውስም።

ተዋደዱ ብዬ አልዋሽም።
ግን ሼቲል የኦድቫርን ጣት በእርጥብ ሸክላ አተመ፣
በበሯም ላይ ለዚያች ጉማጅ የምትበቃ ጎድጓዳ ቆረጠ።
ስፌቷ ታየ። ውበቷ ትንሽ ቀነሰ።
እሷ ቀጠሮውን ወደ አራት ተኩል ገፋች፣
ደብዳቤውን ሦስት መስመር አደረገች፣
ባትሪውን ግን
ባትሪውን ይዛ እኔ ጋ መጣች።
«ከትኬቱ ጋር ትሰጣለህ። ማክሰኞ ማክሰኞ።»

መንገድ ያለችው እኔንም ኖሯል!
ሃያ ዓመት ስቆም ማንም ያላየኝ ሰው
በአንዲት ማክሰኞ ተነደፍኩ፤
ንብ አይደለም፣ እርሳስ ነው የነደፈኝ፣
እብጠቱም እስካሁን ደረቴ ላይ አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል።
ኦድቫር ባዳውን ሰክቶ ተሳፈረ።
ምስጋና ጠበቅሁ፤ ስለ ወፎቹ፣ ስለ ማዕበሉ ይላል ብዬ።
ራሱን ዘንበል አድርጎ ወለሉን አዳመጠ፣ ፊቱ ጠቆረ።
«ሞተርህ ታሟል። ከታች የሚያንኳኳ አለ።»
ማናችንም አልሰማንም። መካኒኩ ሳቀበት።
ሐሙስ ከፈቱት፤
ኩሺኔታው ተበልቶ አልቋል።

ይህን ልጽፍላቸው ፈለግሁ፤
አንድ ፖስታ ላይ የሁለቱንም ስም ጻፍኩ።
ፖስታ ቤቱ መለሰው፦ «አንድ ተቀባይ ይምረጡ።»
መምረጥ አቃተኝ።
አሁን የኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።