የወጌሻው ድምፅ

ሦስት ሆነው መጡ፣ ሱሉልታ፣ ከቤቴ፣
ጫማቸው ጭቃ ለብሶ። «እስቲ ንገሩን አባቴ፣
ከዝናው አዳራሽ ማን ይግባ? ማን ይቅር?»
ወረቀቱ ሞልቷል በሜዳልያ ቁጥር።

ስንቅነሽ፣ ሁለት ወርቅ። ትግባ፣ ማን ከልክሏት።
(ባቷ ሲኮማተር ስንቴ አሽቼላት!)

«ቢራቱስ?» አልኳቸው።
«አሯሯጩ? ኧረ!
መች አንዴ እንኳ ሮጦ ጨርሶ ያውቅ ነበረ?»

ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነፋሱን ገምሶ፣
ለሌላው ሪከርድ ደረቱን ለግሶ፣
ከአስፋልቱ ሲወጣ ካሜራው አለፈው፤
የጅማቱን ታሪክ ጣቴ ነው የጻፈው።

«ጻፉት» አልኩ። እስክሪብቶው ደረቀብን አሉ።

ማታ እንጦጦ ላይ ጭጋጉ ሲወርድ ግን፣
ከጫንጮ ወተት የጫነውን
የቢራቱን አይሱዙ፣
የኋላ መብራቱን፣ ቀዩን ብቻ፣
እያዩ፣ እያዩ፣ ከተማ ገቡ አሉ።