በልታለች?

ሐኮዳቴ፣ ወደቡ ዳር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ አይከፈት፣ ሰዓት የሌለው ሰማይ፤
ቶኩጂ ሳዋቤ፣ የሰባ አንድ ዓመቱ፣
ጉሮሮው ተበስቶ በቱቦ ነው ሕይወቱ።

ዐሥር እጅ ያለውን፣ ቀለም ተፊውን ዓሣ፣
ስኩዊዱን በመብራት ከጥልቁ ሲያስነሣ
ሃምሳ ዓመት ሌሊቱን ነቅቶ ያደረ ሰው፣
ዛሬ የጣሪያው አምፖል ነው ያሳበደው።
ጀልባዬ ናት ይላል፤ ከንፈሩ ብቻ ይላል፣
ገመዴን ፍቱልኝ ብሎ መርፌውን ይነቅላል፤
እጆቹን በጨርቅ ጓንት አስረውበታል።

ሕመምህ ስንት ነው፣ ከአንድ እስከ ዐሥር ቢሆን?
የት ነህ? ወሩ ማን ነው?
ድንጋይ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል?
የባሕርን ሰው፣ ጠዋት ማታ፣ ይህን ይጠይቁታል።
ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ጎማ መጣች።
ጎማ በእኛ አፍ መኪና ተሸክሞ ይዞራል፤
በእነሱ ሰሊጥ ነው፣
አፍንጫዋ ዙሪያ ተበትኖ ይታያል።
ጥፍሯ ተከርክሞ፣ መዳፏ ታጥቦ ገባች፤
አሠልጣኟ «ቀስ» አለቻት፤ ቀስ አለች።
አገጯን አልጋው ጠርዝ፣ አንሶላው ላይ አኖረች።
ምንም አልጠየቀች።

ነርሷ ማዩሚ የቀኙን ጓንት ፈታች።
እጁ ወጣ፤ ገመድ የበላው፣ ጨው ያሻከረው፣
ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ከመርፌ በቀር ያልነካው።
አየሩን ዳበሰ፣ ብረቱን ዳበሰ፣
ከጆሮዋ ደረሰ።
የጆሮዋ ጫፍ በድሮ ቁስል የተሸረፈ፣
ጣቱ እዚያ ቆመ፤
ቋጠሮ እንደሚፈትሽ ሰው ደጋግሞ አለፈ።

ተአምር አልሆነም። መሣሪያው ማፏጨቱን አልተወም፤
የልቡ ምት በአራት ቀነሰ፤ ማንም አልጻፈውም።
ግን እንባው መጣ፣ ያለ ድምፅ፣ በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ።
ማዩሚ ጨርቅ አነሳች፤
መልሳ አስቀመጠች።

ሩብ ሰዓት አለቀ። «ትደክማለች» አለች ኩዋሃራ፣
«ከጠዋት ጀምሮ ስንቱን አልጋ ዞራ።»
ያኔ ሰሌዳውን ጠቆመ፤ ብዕር ሰጡት።
ፊደሉ ማዕበል እንደመታው ተንጋዶ
ሦስት ጊዜ ጠፋበት።
ሕመም መሰላቸው። ምስጋና መሰላቸው።
ሲጠየቅ የሰነበተው እሱ ነው የጠየቃቸው፦

በልታለች?

«ገና ናት» አለች ማዩሚ፣ «ከሥራ በኋላ ነው።»
ራሱን ነቀነቀ፤ ደንቡን ያውቀዋል፣ የጀልባው ነው፤
ክሩ ሳይጠቀለል እራት የለም።
ስለ ድንጋዩም ጻፈ፣ ማንም ሳይጠይቀው፦
አይንሳፈፍም።